ወደ ዳኞች ክፍል የገባችው ሴት

ልጄ የደወለችው ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ካውያውን አቁሜ ስልኩን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ፊልማችን አለቀ። ዓርብ ከሰዓት ለሠራተኞችና ለቤተሰብ ይታያል። ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እንጂ።»

ከኋላዋ መዶሻ ይሰማል። እሷ ባለችበት መዶሻ አይጠፋም፤ ሥራዋ ለፊልም የድሮ ዕቃ ፈልጎ ማምጣትና ያልነበረን ክፍል የነበረ ማስመሰል ነው።

«የሩጫ ፊልም ነው» አለች። «ያንተ ዘመን።»

«እሺ።»

«እሺ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«አፌን እዘጋለሁ ማለቴ ነው።»

ሳቀች፤ ግን ከልቧ አልነበረም። ስልኩን ስዘጋ ካውያው ያለፈበት የሸሚዙ ግማሽ ቀዝቅዞ ነበር። ቀሪውን ሳልተኩስ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት።

ያለፈውን ፊልሟን ያየሁ ዕለት እዚሁ ቤት እራት እየበላን ነበር። ፊልሙ ስለ ባቡር ሠራተኞች ነው። ስትጠይቀኝ የታዘብኩትን ነገርኳት፤ የጣቢያው ሰዓት ዘመኑን የሳተ እንደሆነ፣ የደንብ ልብሱ ቁልፍ ፕላስቲክ እንደሆነ፣ ዝናብ ዘነበ በተባለበት መንገድ ላይ የሾፌሩ ጫማ ደረቅ እንደሆነ። ስናገር ሹካዋን አስቀመጠች። እኔ ደግሞ የጠገበች መስሎኝ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። አልተጣላንም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ» ትላለች፣ እኔም «አይዞሽ» እላለሁ። እናቷ ካረፈች በኋላ ግን ከሳምንቱ ቀናት የኔ የምለው ቅዳሜን ብቻ ነበር። ሌሎቹን የማሳልፋቸው ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነው። ስለዚህ ለዓርብ ስዘጋጅ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከፊልሙ ስንወጣ «ነገ እመጣለሁ» እንድትለኝ።

ስህተት መፈለግ ለኔ ጠባይ ሳይሆን ሥራ ነበር። የፍጻሜ ፎቶ አንባቢ ነበርኩ። ሯጮች ተደባልቀው ሲገቡ ማን እንደቀደመ ዓይን አይለይም። ስለዚህ በፍጻሜው መስመር ትይዩ አንድ ካሜራ ይቆማል። ይህ ካሜራ ሜዳውንም ተመልካቹንም አያይም፤ የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው፣ ያውም በፀጉር ስፋት። ፊልሙ ከሯጮቹ ጋር እኩል ይፈሳል፣ በመስመሩ ያለፈ ሁሉ ባለፈበት ቅደም ተከተል ይሣልበታል። ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ባለችው ጠባብ የዳኞች ክፍል ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣልኝ በማጉያ መነጽር ደረት እፈልጋለሁ። ጭንቅላት አይቆጠርም፣ እጅም አይቆጠርም። ካሜራው አንድ አስቂኝ ጠባይ ነበረው። ሮጦ የሚያልፈውን ሰው ሰው አድርጎ ይሥለዋል፤ መስመሩ ላይ ዝም ብሎ የቆመውን ግን እንደ ተወጠረ ጨርቅ ይጎትተውና ማንነቱ ይጠፋል። ሯጮቹ «ማጉያው» ይሉኝ ነበር። በፍቅር ይሁን በንዴት አላጣራሁም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ፊልም ቤት ስንገባ በቀኜ ትቀመጥና አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። ቁንጥጫዋም ደረጃ አለው። ለቀላል ስህተት በጣት ጫፍ፣ ለከባዱ በጥፍር። አንዴ ስለ ጦርነት የተሠራ ፊልም አይተን ስንወጣ ክንዴ በልዞ አገኘሁት፤ «የዛሬው ዳይሬክተር ጥፋት ነው» አለችና በመዳፏ አሸችልኝ።

ዓርብ ቀድሜ ደረስኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከሩቅ አየኋት። ፀጉሯን አሳጥራለች። የተቆረጠው ዛሬ እንዳልሆነ ከአንገቷ ቆዳ ቀለም ያስታውቃል፤ ፀሐይ መትቶታል። ስንት ሳምንት ሳላያት እንደቆየሁ እዚያ ላይ አነበብኩ።

«አምሮብሻል» አልኳት።

«አፍህን መዝጋት ከአሁኑ ጀመርክ?» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ።

ገብተን ስንቀመጥ እሷ በቀኜ ሆነች። ከእሷ ወዲያ የመብራት ሠራተኛቸው፣ ረጅም ቀልደኛ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያደርግበት አጥቶ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

«ማጉያው የሚሏቸው አባትሽ እኚህ ናቸው?» አላት። ወደኔ ጎንበስ አለ። «እርስዎ እንደሚመጡ ሲሰማ ዳይሬክተሩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በሩ አጠገብ።»

«ምንም አልልም» አልኩት።

«እሱ ነው የሚያስፈራው። የሚናገር ዳኛ ይሻላል።»

መብራቱ ጠፋ።

መጀመሪያ ያየሁት ጥላውን ነው። ሩጫው ማምሻውን ነው ተብሏል፣ የሯጮቹ ጥላ ግን እግራቸው ሥር ተሰብስቧል። እኩለ ቀን ነው የቀረጹት። ቀጥሎ የሩጫው መም። በዚያ ዘመን የኛ መም ጥቁር አመድ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ የሯጮቹ ጀርባ እስከ አንገታቸው በጭቃ ይረጫል፣ ፎቶው ላይ የመለያ ቁጥራቸውን ለማንበብ አበሳዬን አይ ነበር። የፊልሙ ሯጮች ነጭ ካልሲያቸው ሳይቆሽሽ ይዞራሉ። የፍጻሜው ክር መሆን የነበረበት የሱፍ ነው፣ ደረት ሲነካው ወዲያው የሚበጠስ። እነሱ ያዘጋጁት ሰፊ ጥብጣብ ነው፣ አሸናፊው ተጠቅልሎበት ሊወድቅ ደረሰ። ከስታዲየሙ ተመልካች መሐል አንዱ ሲያጨበጭብ የዛሬ ዘመን የእጅ ሰዓቱ ጥቁር መስታወት ብልጭ አለ።

ሁሉንም ዋጥኩት። ክንዴን መደገፊያው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ለመቆንጠጥ በሚመች ሁኔታ። የሚቆነጥጠኝ የለም። ልጄ ፊልሙን አታይም ነበር፤ እኔን ነው የምታየው። አንገቴን ሳላዞር ይታወቀኛል።

ከዚያ የዳኞቹ ክፍል መጣ። ሁለት ሯጮች እኩል ገብተዋል፣ ሕዝቡ ውጭ ይጮኻል፣ ፎቶ አንባቢው ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሯል። ልጄ መደገፊያው ላይ ያለውን ክንዴን በእጇ ነካች። ዝም እንድል መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩላት። ክፍሉ ግን ከላይ እስከ ታች ስህተት ነበር። የጠረጴዛው መብራት የጨርቅ ቆብ አለው፤ የኛ የብረት ነበር። ጠረጴዛው እንጨት ነው፣ አንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተሸጉጧል፤ የኛ ብረት ሆኖ በብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛ ከተነቃነቀ ንባብ የለም። አንባቢው ክርኑ ላይ ቆዳ የተጣፈ ሹራብ ለብሷል። እኛ ኮትና ክራባት ግዴታችን ነበር። በዚህ ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት በጀርባዋ እየገፋችው ገባች፤ ሁለት እጇ በሻይና በዳቦ ሳህን ተይዟል። ሻዩን አስቀመጠች፣ የመብራቱን ቆብ በሁለት ጣቷ ወደ ሰውዬው ትንሽ አዞረችለት፣ ሳትናገር ወጣች። እሱም ቀና አላለም። የሴትዮዋ ፊት በቅጡ እንኳ አይታይም።

ልጄ እጇን ከክንዴ አነሳች።

ፊልሙ አልቆ ወደ መግቢያው አዳራሽ ስንወጣ ሰዉ እየተቃቀፈ እንኳን ደስ አለህ ይባባላል። እኛ ግድግዳውን ተጠግተን ቆምን። መብራት ሠራተኛው ለሦስታችንም ለስላሳ ይዞ መጣ።

«እሺ አባዬ፣ ስንት አገኘህ?» አለችኝ።

«ምንም። ጥሩ ፊልም ነው።»

«አባዬ።»

«ጥሩ ነው ስልሽ።»

«ዓይንህ ሲሮጥ አልነበር? ከሯጮቹ ብሷል እኮ።»

መብራት ሠራተኛው ሳቀ። «ይበሉ አባት፣ አንድ ብቻ ይስጡን። እንዳንኮራ።»

አሰብኩ። ምንም ካላልኩ ዋሸኝ ትላለች። ጥላውን ብናገር ይህን የመሰለውን መብራት ሠራተኛ ማስቀየም ነው። መብራቱ፣ ጠረጴዛው፣ ጥብጣቡ የሷ እጅ ነው። እሷ ያልነካችውን፣ ዕቃ ያልሆነውን መረጥኩ። በጥንቃቄ ነው የመረጥኩት።

«ያቺ ሻይ ይዛ የገባችው ሴትዮ ብቻ» አልኩ። «ንባብ ላይ እያለን ዳኞች ክፍል ማንም አይገባም ነበር። ሴት ቀርቶ የስታዲየሙ ኃላፊም አይገባም። እሷ ዝም ብላ የገባች ናት። ብትወጣ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም። ጥፋቱ የጸሐፊው ነው መቼም።»

መብራት ሠራተኛው ጠርሙሱን ከአፉ አወረደ። «እንዴ፣ እሷን እኮ …» ብሎ ጀመረ። ልጄ እጅጌውን ያዝ አደረገችው።

«ልክ ነህ አባዬ» አለች። «ማንም አይገባም ነበር።»

«ትንሽ ነገር ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ትንሽ ናት።»

ታክሲ ጠርታልኝ በሩን ከፈተችልኝ። ነገ እመጣለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ታክሲው ሲነሳ ዞር ብዬ ሳያት የለስላሳውን ጠርሙስ እንደያዘች ቆማ ነበር፣ ሳትጠጣው።

መንገዱን ሁሉ ጥፋቴን ስፈልግ ሄድኩ። አንድ ብቻ ነው የተናገርኩት፣ ያውም ትንሿን፣ የሷ ያልሆነችውን። እቤት ደርሼ በሩን ከፈትኩ። ገና አልመሸም፤ ወጥ ቤቱ ግን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለሚገጥም ቶሎ ይጨልማል፣ ስለዚህ የጠረጴዛውን መብራት አበራሁ። ኮቴን አውልቄ ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ጠረጴዛው ዘመም አለ። ካርቶኑ ተንሸራቷል ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ በጫማዬ ጫፍ መልሼ ሸጎጥኩት።

እዚያው እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

ቀስ ብዬ ቀና ስል መብራቱን አየሁት። ቆቡ ጨርቅ ነው፣ ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችው። ክርኔን አየሁ። ከኮቴ ሥር ቀኑን ሙሉ የለበስኩት ሹራብ ክርኑ ላይ ቆዳ ተጥፎበታል፤ እዚያ ፊልም ቤት ውስጥ ያንን ሹራብ ለብሼ ተቀምጬ ነው የፊልሙ ሰውዬ ለምን ሹራብ ለበሰ ያልኩት።

ክርክር የተነሳባቸውን ፎቶዎች ለሁለተኛ ንባብ ወደ ቤት የማምጣት ልማድ ነበረኝ። ስታዲየም ውስጥ ልጅ አይገባም ነበርና ልጄ ሥራዬን አይታው አታውቅም። የምታውቀው ይህንን ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝታ በተከፈተው በር በኩል የምታየኝ፣ እዚህ፣ በዚህ ጠረጴዛ። የዳኞች ክፍል ሥሪ ሲሏት መጽሐፍ አላገላበጠችም፣ እኔንም አልጠየቀችኝም። የምታውቀውን ሠራች።

ሴትዮዋንም ያስገባቻት ልጄ እንጂ ጸሐፊው አልነበረም። በጀርባዋ ነበር የገባችው። የወጥ ቤታችን የጓሮ በር ስለሚከብድ ባለቤቴ ጓሮ ከሰል ላይ ሻይ አፍልታ እጇ ሞልቶ ስትመጣ በትከሻዋ ትገፋው ነበር። የመብራቱን ቆብ በሁለት ጣቷ ታዞርልኝና ትወጣለች። ስንት ዓመት ገብታ ወጥታለች። እኔ የማውቀው ቀና ስል ሻይ መኖሩን ነው።

ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እንደገና አንስቼ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ቅዳሜ አልመጣችም። ለሁለት የሚበቃ ዳቦ ገዝቼ ነበር። እሑድ የተረፈውን በላሁ።

ሰኞ ፊልሙ ለሕዝብ ሲከፈት በቀን ሄድኩ። ቲኬት ሻጯ በመስኮቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብቻዎን ነዎት አባት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው የፈለጉበት ይቀመጡ። አዳራሹ ዛሬ የእርስዎ ነው።»

እውነቷን ነው። ከፊት አንድ ጥንድ፣ ከኋላ አንድ ያንቀላፋ ሰውዬ፣ መሐል ላይ እኔ። ቀኜን ባዶ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥላው ሲያልፍ አየሁት፣ ተውኩት። ነጩ ካልሲም አለፈ። የዳኞቹ ክፍል እስኪመጣ ጠበቅኩ።

በሩ ተከፈተ። በትከሻዋ እንጂ በጀርባዋ አልነበረም የገፋችው፤ መጀመሪያ ቀን በደንብ አላየሁም። ተዋናይዋ ባለቤቴን አትመስልም፣ ታንሳለች፣ ትወፍራለችም። አንገቷን ዘንበል ያደረገችበት መንገድ ግን ልክ ነው። ሁለቱ ጣቶቿ የቆቡን ጠርዝ ሲይዙ፣ ቆቡ ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ስትለቀው፣ እሱም ልክ ነው። ስትወጣ ድምፅ እንዳያሰማ እጀታውን ወደ ታች ይዛ ዘጋችው። ሰውዬው ቀና አላለም። ቀና በል አልኩት። አፌን የከፈትኩት አልመሰለኝም ነበር፤ ከፊት ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

አንድ ስህተት አገኘሁ።

መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ያን ዕለት የቆምንበት ግድግዳ አጠገብ ሆኜ ደወልኩ። አሁን አነሳችው። መዶሻው አለ።

«አባዬ? ደህና ነህ?»

«ፊልሙን ደግሜ አየሁት።»

ደከም ባለ ድምፅ «ሌላ አገኘህ?» አለች።

«አንድ።»

«እሺ፣ ንገረኝ።»

«ሻዩን በቀኙ ነው ያስቀመጠችለት። እናትሽ በግራዬ ነበር የምታስቀምጠው። ማጉያውን በቀኜ ስለምይዝ በክርኔ እንዳልደፋው።»

መዶሻው መታ፣ መታ። ከዚያ የሆነ በር ተዘጋና ድምፁ ራቀ። ወደ ሌላ ክፍል ገብታለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ነግሬያቸው ነበር። ካሜራው በግራ በኩል ስለቆመ ብርጭቆው ሰውዬውን ይሸፍነዋል አሉ። ተጨቃጨቅኩ እኮ። ዳይሬክተሩ ‘ሻይ አይደል እንዴ፣ የትም ይቀመጥ’ አለኝ።»

«ዳይሬክተሩ ተሳስቷል።»

«ተሳስቷል» አለች። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «ዓርብ ግን አላየሃትም ነበር አይደል?»

«አላየኋትም።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ቤቱን ሁሉ ሠርቼልህ። ካርቶኑን ሳይቀር።»

«ካርቶኑን እንኳ አይቼዋለሁ። ስህተት ነው ብዬ።»

መሳቅ ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊልሙን ማስታወቂያ አያለሁ። ሯጩ ደረቱን ሰጥቶ ጥብጣቡን ሊበጥስ ነው። እያዳመጥኳት ሳለ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ቲኬት ሻጯ ግን በመስኮቷ በኩል ታየኝ ነበር።

«በሩን ስትዘጋ ግን» አልኩ።

«እጀታውን?»

«እጀታውን። እሱ ልክ ነው። እሱን ረስቼው ነበር።»

«እኔን እንዳትቀሰቅሰኝ ነበር» አለች። «ተኝቼ አልነበረም።»

አንድ ሰው በስሟ ጠራት። «መጣሁ» አለችው፣ ስልኩን በእጇ ሸፍና። ከዚያ ወደኔ ተመለሰች።

«ይሄን ቅዳሜ ሥራ አለብኝ አባዬ።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«የእውነት ነው። የእውነት ሥራ አለብኝ።»

«አምኜሻለሁ።»

«የሚቀጥለውን እንግዲህ … ደውልልኝ። አንተ ደውልልኝ።»

«እደውላለሁ።»

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ሻይ አፍልቼ ቀዳሁና ለመቀመጥ ስል ብርጭቆውን በቀኜ በኩል አሳረፍኩት። ለብቻዬ ከሆንኩ ጀምሮ የማስቀምጠው እዚያ ነው፤ በእጄ የምይዘው ነገር ስለሌለ የትም ቢቀመጥ አይደፋም። ትንሽ አየሁት። ከዚያ አንስቼ በግራዬ አስቀመጥኩት፣ የመብራቱንም ቆብ በሁለት ጣቴ ዞር አደረግኩት። ትኩስ ነበር። ቶሎ ለቀቅኩት።